ማሳው ነበር

ባለፈው ክረምት አንድ ማለዳ ጎረቤቴ ግቢውን በጩኸት ሞላው። የገዛት የኤሌክትሪክ መኪና ገና ሦስት ወሯ ነው። ማታ ሙሉ በሙሉ ተሞልታ ገብታለች፤ ጠዋት ግን አልከፈት፣ አልበራ፣ አልንቀሳቀስ አለች። ሰፈርተኛው እንደ ልማዱ ተሰበሰበ፤ እንደ ልማዱም ፈረደ። አንዱ «ሶፍትዌሯ ነው» አለ። ሌላው «ዝናብ ገብቶባት ነው» አለ። ሦስተኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ከፋብሪካው በሳተላይት ዘግተዋት ይሆናል» ብሎ አስደነገጠን። በመጨረሻም አንዲት ድምፅ ከኋላ ተሰማች፤ «ትናንት ያጠባት ልጅ ምን እንደነካካ ማን ያውቃል?»

ረፋዱ ላይ ባለሙያ መጣ። በሩን በእጅ ቁልፍ ከፍቶ፣ ኮፈኑን አንሥቶ አንዲት ትንሽ ባትሪ አሳየን። ባለ 12 ቮልት ናት፤ በማንኛውም አሮጌ ታክሲ ውስጥ ያለችው ዓይነት። የሞተችው እሷ ነበረች። ከወለሉ ሥር በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት የያዘው ትልቁ ባትሪ ሙሉ ነው፤ ነገር ግን ትልቁን ከመኪናዋ ጋር የሚያገናኙት ማብሪያዎች የሚሠሩት በትንሿ ጉልበት ነው። ትንሿ ከሞተች ትልቁ ካዝናው የተቆለፈበት ሀብታም ማለት ነው። ባለሙያው ከሌላ ባትሪ ሽቦ ዘርግቶ ቀሰቀሳት። ያጠባት ልጅ አጠገባችን ቆሞ ያይ ነበር። ማንም ይቅርታ አልጠየቀውም። እንደተጠረጠረ እንኳ ያስታወሰ ያለ አልመሰለኝም።

እኔ ግን አስታወስኩ። ለማስታወስ የራሴ ምክንያት አለኝ። እዚያ ለመድረስ ግን መኪና ከጥንት ጀምሮ እንዴት ትነሣ እንደነበረ ጥቂት ማውራት ይኖርብኛልና አንባቢ ይታገሰኝ።

*

የመጀመሪያዋ አውቶሞቢል ወደ አገራችን የገባችው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ፣ በረሃውን አቋርጦ፣ አዲስ አበባ ላይ ለዳግማዊ ምኒልክ አስረከባት። ስለዚያች መኪና ሲወራ የሚነሣው የሕዝቡ መገረምና የንጉሠ ነገሥቱ ለአዲስ ነገር ያላቸው ፍቅር ነው። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ያኔ ቁልፍ አዙሮ ሞተር ማስነሣት የሚባል ነገር ገና አልተለመደም። ከመኪናዋ ፊት ማኖቬላ ይሰካል፤ አንድ ጉልበተኛ ጎንበስ ብሎ ያሽከረክራል። ከተነሣች እሰየው። ሞተሩ ጊዜውን ስቶ ወደ ኋላ ከመታ ግን ማኖቬላው የሰው ክንድ ይሰብራል። አውራ ጣትን ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን አድርጎ መያዝ የዚያ ዘመን ሾፌር የመጀመሪያ ትምህርቱ ነበር።

በዚያው ዘመን አሜሪካ ውስጥ ሦስት ዓይነት መኪና ይፎካከር ነበር፤ የእንፋሎት፣ የቤንዚንና የኤሌክትሪክ። አዎ፣ የኤሌክትሪክ! የኤሌክትሪኳ ጭስ የላትም፣ ጩኸት የላትም፣ ከሁሉም በላይ ማኖቬላ የላትም። የከተማ ወይዛዝርት የሚመርጧት እሷን ነበር። ታዲያ እ.ኤ.አ. በ1908 ባይሮን ካርተር የተባለ መኪና ሠሪ በማኖቬላ ተመትቶ፣ ከጉዳቱ ሳያገግም ሞተ። እንደሚተረከው ከሆነ መንገድ ላይ መኪና የቆመችባትን ሴት ሊረዳ ወርዶ ነው። የካዲላኩ ኃላፊ ሄንሪ ሊላንድ በወዳጁ ሞት አዝኖ ለዚህ ነገር መላ ይፈለግ አለ ይባላል።

መላውን ያመጣው ቻርለስ ኬተሪንግ ነው። ኬተሪንግ ቀደም ሲል የሱቅ ገንዘብ መመዝገቢያ ማሽን በሚያመርት ኩባንያ ይሠራ ነበር። እዚያም በእጅ ይዞር የነበረውን ማሽን በኤሌክትሪክ ሞተር እንዲሠራ አድርጓል። ከዚያ የተማረው ነገር ቀላል ይመስላል፤ አንድ ትንሽ ሞተር ቀኑን ሙሉ ከባድ ሥራ ሊሠራ አይችልም፤ ለጥቂት ሰኮንድ ግን ከአቅሙ በላይ ሠርቶ ሊያርፍ ይችላል። መኪና ለማስነሣት የሚያስፈልገውም ጥቂት ሰኮንድ ብቻ ነው! በዚህ ሐሳብ የሠራው ማስነሻ እ.ኤ.አ. በ1912 ሞዴል ካዲላኮች ላይ ተገጠመ። ያው አንዱ መሣሪያ በ24 ቮልት ሞተሩን ያስነሣል፤ ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ደግሞ ዲናሞ ሆኖ ባትሪውን በ6 ቮልት ይሞላል። በ1919 ማስነሻው በርካሹ ፎርድ ላይም በተጨማሪ ክፍያ ይገኝ ጀመር።

የታሪክ ቀልድ እዚህ ላይ ነው። ርካሹ ፎርድና ርካሹ ቤንዚን ጉድጓዱን ቆፍረው ነበር፤ የኤሌክትሪክን መኪና ገፍቶ የጣላት ግን ይኸው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ማኖቬላ ከቀረ እሷን የሚያስመርጥ ምን ቀረ? መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በ2016 ዓ.ም. የእኛ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። የተረሳችው ተመልሳ በጎረቤቴ ግቢ ቆመች። ቆማም በ12 ቮልት ምክንያት አልነሣም አለች።

*

ማስነሻው ወደ እኛ ጋራዦች የገባው ከነጣልያንኛ ስሙ ነው፤ ሞተሪኖ፣ «ትንሹ ሞተር» ማለት ነው። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ስለ ውሰት ቃላት ምሳሌ ስፈልግ ከመዝገበ ቃላት ይልቅ ጋራዥ እሄድ ነበር። ከአስመራ ጋራዦችም ሆነ ከአምስቱ የወረራ ዓመታት ጋር የመጡ ቃላት እዚያ ዘይት ጠጥተው፣ ሥጋ ለብሰው ይኖራሉ። ካንዴላ ሻማ ነው። ካቻቢቴ «ብሎን አሳዳጅ» ነው። ጣልያኑ ሄዶ ብሎን ማሳደዱ ቀረልን።

ከሁሉ የምወዳት ግን ማሳ የምትለዋ ቃል ነች። በጣልያንኛ ግዙፍ አካል ማለት ነው። በመኪና ውስጥ ከባትሪው የወጣው ኤሌክትሪክ ሥራውን ሠርቶ ወደ ባትሪው መመለስ አለበት። ለመሄጃው ሽቦ ይዘረጋል፤ ለመመለሻው ግን የመኪናዋ ብረት አካል ራሱ ያገለግላል። ያ መመለሻ ነው ማሳ የሚባለው። እንግሊዞች «መሬት» ይሉታል። አማርኛ ባጋጣሚ ሁለቱን አስታርቋል፤ ማሳ ለእኛ የሚታረስ መሬት ነውና። ቃሉን ለተማሪዎቼ እያሳቅሁ ለዓመታት አስተምሬአለሁ። ነገሩን ግን አላውቀውም ነበር።

ወደ ራሴ ልምጣ። በ1996 ዓ.ም. አንዲት ቮልስ ነበረችኝ፤ እ.ኤ.አ. የ1968 ሥሪት። ቮልስ በአገራችን ተራ መኪና አይደለችም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ወጥተው በኋላ ወንበሯ የተቀመጡት እሷ ላይ ነው። የአንድ ሥርዓት ማብቂያ በቮልስ ሲሄድ አገር ያየው ነው። የእኔዋ ታዲያ እንኳን ሥርዓት ልትሸኝ እኔንም ከሥራ ቦታ አትመልስም ነበር።

ጠባይዋ እንዲህ ነው። ጠዋት በብርድ ቁጭ ብድግ ሳትል ትነሣለች። ሞተሯ ሞቆ ሲቆም ግን ቁልፉን ሳዞር «ጠቅ» ብላ ዝም። ዝናብ ሲዘንብ ይብስባታል። ግማሽ ሰዓት ስትቆም አንዳንዴ ትነሣለች፤ አንዳንዴ አትነሣም። ሰው ሲገፋት ግን ሁልጊዜ ትነሣለች። መብራቷ ደማቅ፣ ጥሩንባዋ ጯሂ። በዚህ ምክንያት የአዲስ አበባን ካርታ በቁልቁለት አጠናሁት፤ ሜዳ ላይ ካለ ቤት ግብዣ አልቀበልም ማለት ቀረኝ። ተማሪዎቼ ተባብረው ይገፉኝ ነበር። ዛሬ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ የሚያስታውሱት ያስተማርኳቸውን ልቦለድ ሳይሆን ያንን ነው።

ያልተቀየረ ነገር የለም። ባትሪው ተቀየረ። ሞተሪኖው ወጥቶ ተጠቀለለ። የቁልፉ ቤት ተለወጠ። አንድ መካኒክ ደግሞ የተማረ ምክንያት አመጣ፤ ቮልስ እ.ኤ.አ. ከ1967 ሞዴል ጀምሮ ከ6 ወደ 12 ቮልት ስትሻገር ሞተሪኖው የሚነክሰው የቮላኖ ጥርስ ከ109 ወደ 130 ከፍ ብሏል፤ «ያንተ ቅልቅል ሳይሆን አይቀርም» አለኝ። ተፈታ፣ ተቆጠረ፣ 130 ሆኖ ተገኘ። የቆጠራውን ከፈልኩ።

አንድ የሐምሌ ሌሊት እናቴ ታመመች። ከኋላ ወንበር አስተኝቼ ሐኪም ቤት በር አደረስኳት፤ ወደ ሌላ ሐኪም ቤት ውሰዳት ተባልኩ። ቁልፉን አዞርኩ፤ «ጠቅ»። ዝናቡ ይወርዳል፣ እናቴ ታቃስታለች፣ የሚገፋ ሰው የለም። አንድ ባለ ታክሲ እግዚአብሔር ይስጠውና አደረሰን። እናቴ ዳነች። እኔ ግን በማግሥቱ ጋራዡ የገባሁት ሰው ሆኜ አልነበረም።

ጋራዡ ውስጥ አንድ ረዳት ልጅ ነበር፤ አሥራ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። አዲሱ ባትሪ የተገጠመ ዕለት መኪናዋን የያዛት እሱ ነው። እኔ ደግሞ ሌሊቱን ሳሰላስል አድሬ ፈርጄአለሁ፤ አዲሱን ባትሪ አውጥቶ ሸጧል፣ አሮጌ አጥቦ ገጥሞልኛል! ሰው ፊት ይህንኑ ተናገርኩት።

«ጋሼ፣ እኔ አልነካሁትም። ይሙት ይበሉኝ» አለ። ከዚያ የሚለው ሲጠፋው «የነዳጁ ፔዳል ገመድ ይሞቃል እኮ፤ ሲያስነሡ ስይዘው እጄን አቃጠለኝ» አለኝ።

«እኔ የምጠይቅህ ስለ ባትሪ ነው! አንተ ስለ ገመድ ታወራለህ!»

ባለ ጋራዡ ደንበኛ ማጣት አልፈለገም። ልጁን እዚያው እፊቴ አሰናበተው። ልጁ ቱታውን አውልቆ፣ አጥፎ፣ ወንበር ላይ አስቀምጦ ወጣ። እኔም ፍትሕ ያገኘሁ መስሎኝ ወጣሁ። ቮልሷን ገፍተው አስነሡልኝ።

*

ድሮ በአገራችን ሌባ ሻይ የሚባል ሥርዓት ነበር። ዕቃ ሲጠፋ አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣና ይሰክራል። ወገቡን በመቀነት ታስሮ፣ ባለሥልጣኑ እየተከተለው፣ በየመንደሩ እየተንገዳገደ ይዞራል። የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው፤ ይከፍላል። የውጭ አገር ተጓዦች በመገረም ጽፈውታል፣ እኛም ስናነብ በአያቶቻችን እንስቃለን። እኔም ክፍል ውስጥ ስቄበታለሁ። ነገር ግን የእኔ ቮልስ ታሪክ ከዚህ በምን ይለያል? በሰከረ ግምት ከባትሪ ወደ ሞተሪኖ፣ ከሞተሪኖ ወደ ቁልፍ ስንዞር ከረምንና በመጨረሻ አንድ ደሃ ልጅ በር ላይ ወደቅን። የተንገዳገድኩት እኔ፣ የከፈለው እሱ።

ከሁለት ወር በኋላ አንድ ወዳጄ ወደ አንድ ሽማግሌ ኤሌክትሪሻን መራኝ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ከጦርነቱ በኋላ እዚሁ የቀረ አንድ ጣልያን ዘንድ በልጅነታቸው ተቀጥረው ነው ሙያውን የለመዱት። ካቻቢቴ አላነሡም። መጀመሪያ ወንበር ስበው ተቀመጡና ጠየቁኝ። መቼ ነው እምቢ የምትለው? ሲሞቅ ወይስ ሲበርድ? ሲዘንብስ? ፔዳሉ ይከብድሃል? በአንድ ዓመት ውስጥ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ነጋሪ ነበር።

«በል አንተ መምህር፣ መብራቷን አብራና ቁልፉን አዙር» አሉኝ። የፊት መብራቱ ግድግዳው ላይ አረፈ። አዞርኩ። «ጠቅ»።

«መብራቱ ፈዘዘ?»

«ኧረ አልፈዘዘም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ባትሪውን ተወው። ባትሪው ደክሞ ቢሆን መብራቱም አብሮት ይደክም ነበር። ኃይሉ አለ፤ መንገድ ነው ያጣው።»

ከዚያ ከኪሳቸው ሁለት ሽቦ የተበየደባት አንዲት ትንሽ አምፖል አወጡ። የኋላ ወንበሩን አንሥተው አንዱን ሽቦ ከባትሪው ኔጋቲቭ አስነኩ፤ ሌላውን ከሞተሩ ብረት። ሁለቱም ማሳ ናቸው፤ በመካከላቸው ምንም ሊኖር አይገባም። «አዙር» አሉ። አዞርኩ። አምፖሏ ደብዘዝ ብላ በራች። መብራት ሊበራ በማይገባው ቦታ መብራት በራ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ዛሬም በትክክል መናገር ይከብደኛል።

ነገሩ ይኸው ነው። የቮልስ ሞተርና ካምቢዮ የተቀመጡት በጎማ ትራስ ላይ ነው፤ ጎማ ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ስለዚህ ካምቢዮውን ከመኪናዋ አካል ጋር የምታገናኝ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነች የመዳብ ሽቦ አለች። ሞተሪኖው የተጠቀመበት ከረንት ሁሉ የሚመለሰው በእሷ ነው። የእኔዋ በ36 ዓመት ጭቃና ዝናብ ተበልታ፣ አረንጓዴ ዝገት ለብሳ፣ በጥቂት ክሮች ብቻ ተንጠልጥላ ነበር።

ሒሳቡን ሽማግሌው በጠመኔ ወለሉ ላይ ጻፉልኝ። ሞተሪኖ ሲነሣ 150 አምፔር ያህል ይፈልጋል። መመለሻው 0.03 ኦም ብቻ ቢያስቸግረው 4.5 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ከ12 ላይ 4.5 የተነጠቀ ሞተሪኖ ምን ጉልበት ይኖረዋል? በዚያው መንገድ 4 አምፔር ብቻ ቢያልፍ ግን የሚጠፋው 0.12 ቮልት ነው፤ ማንም አያውቀውም። ለዚህ ነው ጉዳቱ ከባድ ሥራ እስኪመጣ ድረስ ተደብቆ የሚኖረው። ሲሞቅ፣ ሲዘንብ፣ መኪናዋ ስትነቀነቅ ደግሞ የዝገቱ ግንኙነት ይለዋወጣል፤ ጠባይዋ የተቀያየረው ለዚያ ነው። ሲገፏት የምትነሣውም ሞተሪኖው ስለማያስፈልግ ነው።

«ከረንት ደግሞ መንገድ ሲዘጋበት ዝም ብሎ አይቀመጥም» አሉኝ። «በር ያንኳኳል። ከሞተሩ ወደ ፊት የሚሄዱ ብረቶች ካሉ በእነሱ ይመለሳል፤ በፍሪሲዮን ገመድ፣ በነዳጅ ገመድ። እነዚያ ቀጫጭን ናቸው፣ ይሞቃሉ። ይህን ያህል ጊዜ ገመዱ ሲሞቅ ያየ ሰው የለም?»

ነበረ። አንድ ሰው ነበረ።

አዲሷ ሹሩባ የፈጀችው ካባከንኩት ገንዘብ ጋር ሲተያይ የቡና ዋጋ ናት። አንድ ብሎን ተፈታ፣ ዝገቱ ተፋቀ፣ ብሎኑ ታሰረ። ቮልሷ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አላሳፈረችኝም። እኔ ግን በነጋታው ጋራዡ ሄጄ ለባለቤቱ ሁሉን ነገርኩት። በቦታው ሌላ ልጅ ቀጥሯል። «የት እንደገባ አላውቅም» አለኝ።

ያገኘሁት ከአራት ወር በኋላ ነው፤ ቸርችል ጎዳና ላይ፣ በአንድ ሚኒባስ በር ተንጠልጥሎ «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ» ሲል። ሲያየኝ ፊቱን አዞረ። ተጠግቼ በድዬሃለሁ፣ ባትሪው የራሴው ነበር፣ ይቅር በለኝ አልኩት። ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ መምህር ነኝና። ግማሹ ላይ አቋረጠኝ።

«ታዲያ ምን ሆኖ ተገኘ፣ ጋሼ?»

«ማሳው ነበር።»

«የካምቢዮው?»

«የካምቢዮው።»

ዓይኑ በራ። «ለዚያ ነዋ ገመዱ የሞቀው!» አለና ለጥቂት ሰኮንድ ከታክሲውም ከእኔም ርቆ ሄደ፤ አንድ ሽቦ ውስጥ ገብቶ ከረንቱን ሲከተል ይታየኝ ነበር። ሾፌሩ ጥሩንባ ነፋ። ልጁ ዘሎ ተንጠለጠለና ሄደ። አልተናደደብኝም። ቢናደድብኝ ይቀለኝ ነበር። አገሬ አንድ ጥሩ ኤሌክትሪሻን እንደነበራትና እኔ በአንድ ማለዳ ወያላ እንዳደረግሁት አውቃለሁ።

ባትሪ ሲደክም ሁሉም ያውቃል፤ ከላይ ያለው ኃይል ነዋ። መመለሻው ግን ከሥር ነው፣ ጭቃ ውስጥ ነው፣ ማንም ጎንበስ ብሎ አያየውም። እዚያ የሚያየው ብዙውን ጊዜ ከሥር የተኛው ረዳት ልጅ ነው። ሲናገርም የጠየቅንህ ይህን አይደለም እንለዋለን።

ባለፈው ክረምት ሰው ሲበተን ጎረቤቴን ክንዱን ያዝኩና «ለዚህ ልጅ አንድ ቃል በለው» አልኩት። ግራ ተጋባ። «ምን ብዬ?» አለኝ። «ትናንት ስታጥባት ያየኸው ነገር ነበረ ወይ ብለህ ጠይቀው» አልኩት።

ጠየቀው። ልጁ መሬት መሬት እያየ፣ «ማታ ከውስጥ ያለችው ትንሿ መብራት ሳትጠፋ አድራለች፣ ጋሼ። ልነግርዎት ፈርቼ ነው» አለ።